ለፊሊፒናዋ የሰፋሁት ካልሲ

ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር በሠራሁበት ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበርን። እኔ ምግብና ጽዳት እሠራለሁ፤ ፊሊፒናዋ አልጋ ላይ የቀሩትን የማዳምን እናት ትንከባከባለች። ጣሪያው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል አብረን እናድራለን። የምንግባባው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው። እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ክርስቲያን፤ ወገቤን ሲያመኝ የምታሸኝ ግን እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ስለ አገሯ የገና በዓል አጫወተችኝ። እናቷ ትልቅ የጨርቅ ካልሲ ሰፍታ መስኮት ላይ ትሰቅልላት ነበር፤ ጠዋት ስትነሣ ውስጡ ከረሜላ ታገኛለች።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ሰቅሎልኝ አያውቅም» አለችና የታጠፈውን ፎጣ ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

አባቴ ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ስለነበር መርፌ አያስቸግረኝም። ማዳም የእንግዳ ክፍሉን መጋረጃ ቀይራ አሮጌውን «ጣይው» ብላኝ ነበር። ቀይ ከፋይ ነው። ፀሐይ ያልበላውን ጫፉን ቆርጬ አስቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሲተኛ ኩሽና ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ። ከአሮጌ አንሶላ ገበር አደረግኩለት፣ አፉን በነጭ ፎጣ ቀመቀምኩት፣ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል በቢጫ ክር ጠለፍኩበት። ተረከዙ ብቻ እየተጨማደደ አስቸገረኝ፤ እየፈታሁ ደግሜ ሰፋሁት። ሊያልቅ ሲል ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ለገና የሆነ ነገር ይጠብቅሻል» አልኳት።

የማዳም ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ አየችኝ። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«ያምራል! ስጦታውን እኔ ልሙላበት» ብላ ወሰደችው።

ከረሜላ የምታስገባበት መስሎኝ አመሰገንኳት።

በገና ጠዋት ሁላችንንም ሳሎን ጠራችን። ካልሲው አፉ በሪባን ታስሮ፣ ሽቶ ተርከፍክፎበት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊሊፒናዋ ፊደሏን ስታይ አፏን በእጇ ሸፈነች። ወደ እኔ ዞራ እንባዋ እየወረደ ሣቀች። ልጅቷ ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች።

«ያላ፣ ክፈቺው!»

ፊሊፒናዋ እጇን ከታ ያወጣችው የአሮጊቷን ዳይፐር ነው። ጠዋት ራሷ ቀይራ የጣለችውን። እጇ እስከ አንጓዋ ተበላሸ።

ልጅቷ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ እስኪደርስ ሣቀች። ማዳምም ሶፋው ላይ ሆና ሣቋን እያፈነች «ኸላስ፣ የልጅ ጨዋታ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምንጣፉን ነክቷል፣ ጥረጊው። እሱንም ጨርቅ ጣይው።»

ጠርጌ፣ ጥዬ፣ ወደ ላይ ሮጥኩ። ፊሊፒናዋ እጇን በበረኪና ትፈትጋለች።

«ወላሂ አላወቅኩም» አልኳት።

«የሰፋሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ፣ ግን...»

«ይጠብቅሻል ያልሽኝስ?»

ላስረዳት ፈለግኩ፤ ዐረብኛዬ አለቀብኝ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ማዳም ጠራችኝ። ፊሊፒናዋ ከፋዩ ከየት እንደመጣ ነግራታለች።

«ጣይው ያልሽኝ መጋረጃ ነው» አልኩ።

«ጣይው አልኩሽ እንጂ ውሰጂው አልኩሽ?» አለችና ስልኬን ተቀበለችኝ። የእናቴን ድምፅ የምሰማው በሱ ብቻ ነበር። ፊሊፒናዋ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። ፊቷ ላይ ሐዘንም ደስታም አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አሮጊቷ ዑረይጃ የሚባል ሰፈር ወዳለችው ሌላዋ ልጃቸው ቤት እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ ፊሊፒናዋም አብራ ልትሄድ። ሻንጣዋን ደረጃው ላይ ስትጎትት አየሁና አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። ቆመች። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከሻንጣው አላቀቀችና ብቻዋን ይዛው ወረደች። መኪናው እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አለች ማዳም ከኋላዬ። «አልጋዋን አጽጂ፣ ነገ ለቤቱ ሥራ ሌላ ሠራተኛ ትመጣለች።»

ወደ ላይ ወጥቼ አንሶላዋን ገፈፍኩ።