ጋሽ ታደሰ ያጣጣሏት መኪና

ሻኮፒ ከተማ ካለው ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ፣ ዓይኔ እየተከደነ መኪና ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሁለት በር ትንሽ ስፖርት መኪና አምሮኝ ነበር። የ2002 ሞዴሏ ስኔሊንግ መንገድ ላይ፣ የ2004ቷ ብሩክሊን ፓርክ ከተማ ለሽያጭ ቆመዋል። ልቤ 2002ቷ ላይ ነው፤ ማንዋል ናት፣ ትበራለች። ዋጋ ለማስቀነስ ታክሲ የሚነዱትን ጎረቤቴን ጋሽ ታደሰን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ሊያጣጥሉ፣ እኔ እንዳልፈለገ ሰው ዝም ልል ተስማማን።

ሻጩ ያገራችን ሰው ነው፤ ትሁት። ጋሽ ታደሰ ኮፈኑን አስከፍተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዚህ ሞዴል ማርሽ አያስተማምንም። ፍሬኑም ያስፈራል። ብሩክሊን ፓርክ፣ አንድ ጎማ ሻጭ ጋ የቆመችው 2004 ግን መኪና ናት!»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወረዱባት። ቆሜ እያንቀላፋሁ እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝም።

ሻጩ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ይሄን ሁሉ አላወቅኩም ነበር፣ ጋሼ። ይቺን ላገሬ ልጅ ሸጬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? አልሸጥም።»

ብለምነው፣ ብለምነው፣ እምቢ አለ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ፣ እያዛጋሁ፣ ቁርጤን አውቄ ብሩክሊን ፓርክ ሄድኩ። 2004ቷ ከጎማ ሻጩ ግቢ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። መሪውን የያዘው ያ የስኔሊንጉ ሰውዬ ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣

«ጋሽ ታደሰን አመስግንልኝ» አለኝ።