ሰንጋ ያስተኛው ዓይኔ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ስለምታወራው ልርሳው ብልም አልችልም። እሷ ጨምራ ቀጥላ ከምታወራው ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ ሐያት የውጫሌ ልጅ ናት። ገና ያልዳኸችውን የበኩር ልጃችንን ኢማንን ለአያቷ ልናሳያት ከወንድሜ በተዋስኩት መኪና እየሄድን ነበር። እኔ መንገድ ላይ ካየሁት ነገር ሁሉ ጋር ፎቶ ካልተነሳሁ ጉዞ የሄድኩ አይመስለኝም። ሐይቁ ዳር ቆሜ ተነሳሁ። ዓሣ ጥብስ በላሁ፣ ዓሣውንም አነሳሁት። ከከተማው ወጥተን የግጦሹ ሜዳ ሲጀምር ደግሞ ወደ ከብቶቹ ዞርኩ።

"እማዬ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን ነው። ላም አይተህ አታውቅም እንዴ?" አለችኝ ሐያት።

እውነቱን ለመናገር በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር።

ትንሽ እንደሄድን አንዲት እናት ትልቅ ቀይ ሰንጋ ወደ ገበያ ሲነዱ አገኘናቸው። መኪናውን አቁሜ ዘልዬ ወረድኩ። "ኧረ ምን የሚያህል በሬ ነው! ቆዳው ሲያብረቀርቅ! እንዲህ ያለ በሕይወቴ አላየሁም!" እያልኩ ዞርኩት።

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። "ማሻአላህ በላ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሐያትም በመስኮት "በል እንጂ!" አለች።

እኔ ግን ሳቅሁ። "እናቴ፣ በዚህ ዘመን በዓይን የሚታመም በሬ አለ እንዴ?" አልኩና ፎቶዬን አነሳሁ። ስልኬን ኪሴ ሳልከት ሰንጋው ጉልበቱን አጥፎ አስፋልቱ መሐል ተኛ።

"ያረቢ! ልጄ ከዓረብ አገር ስትመጣ የምትገባበትን ቤት ቆርቆሮ የማለብስበት እኮ ነው!" ብለው ጮኹ። ቦታው ኩርባ ነው። የጭነት መኪና ድንገት ቢመጣ በሬውም ቆርቆሮውም እዚያው ያበቃላቸዋል። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ።

ሚኒባስ ቆመ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ሰው ተሰበሰበ። ጅራቱን ቢጎትቱት፣ ቢገፉት፣ ሰንጋው ያመሰኳል እንጂ ንቅንቅ አላለም። የባጃጁ ሹፌር ለሚመጣው ሁሉ "ይኸ ባለመነጽሩ ነው በዓይኑ የበላው" እያለ ያሳየኛል።

"ማሻአላህ በልና እንትፍ በልበት!" ተባልኩ።

በለሆሳስ አልኩ።

"ወላሂ አልተሰማም!" አለ የባጃጁ ሹፌር።

ጮክ ብዬ አልኩ። እንትፍ ልል ስሞክር አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ሐያት የኢማንን ውኃ በመስኮት አቀበለችኝ፤ ተጉመጥምጬ እንትፍ አልኩበት። ልክ በዚያች ቅጽበት ከኩርባው ወዲያ የጭነት መኪና ጥሩምባ አምባረቀ፤ ሰንጋው ብድግ ብሎ ከአስፋልቱ ወጣ። ከሁለቱ የትኛው እንዳስነሳው እኔ አላውቅም። ሰዉ ግን ፈርዶብኝ ነበር።

ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አብሽር፣ ልጄ" ብለው መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ሞተሩን ሳስነሳ በኋላው መስኮት አጎንብሰው የተኛችውን ኢማንን አዩ።

"ይች ደሞ ምን የመሰለች ልጅ ናት! ጉንጯ! ዓይነ ሽፋሏ!" አሉ።

ጠበቅኋቸው። ምንም የለም። እግሬ ነዳጁን መርገጥ እንቢ አለኝ።

"እናቴ፣ ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።

"ምን ልበል?"

"ያችኑ ነዋ!"

"የቷን?"

"ማሻአላህ ይበሉልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እንደተንቀጠቀጠ ሐያት እስከ ዛሬ ትመሰክራለች። ሴትዮዋ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው እስኪበቃቸው ሳቁና "ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድጋት" አሉልኝ።

ሰንጋውን ያስነሳው ጥሩምባው ነው ብዬ አሁንም እከራከራለሁ። በልጄ ግን አልከራከርም፣ እፈራለሁ። ጎረቤት ኢማንን አይቶ "ስታምር!" ካለ፣ ያችን ቃል ሳይጨምር ከደጃችን አላስወጣውም።