እህቱ የገዛችለት ቫን

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሠፈሩ ሁሉ «ጨምር» ነው የሚለው። መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሴራሚክ ካርቶን ሲያስጭን ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነው። ጫኞቹ «ኧረ በቃ፣ መኪናዋ አለቀች!» ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ «ጨምር! አንድ ረድፍ ብቻ!» ይላል። የሁለት ምልልስ ጭነት ባንዴ አንስቶ የአንዱን ነዳጅ ማትረፍ ትልቅ ብልጠት ይመስለው ነበር።

እኔ መኪናዋ ከምትጠገንበት ጋራዥ አጠገብ ጎማ እጠግናለሁ። እውነቱን ልናገርና ብልጠቱ የጠቀመው እኔን ነው፤ እንደ እሱ ጎማ የሚጨርስ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም። ፍሬኑ ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ክብደት ሲያርፍበት የሚተጣጠፈው ባሌስትራ ይሰበራል። መኪናዋ ጋራዥ በተኛች ቁጥር ደግሞ ሥራ የለም። ከሥር የተደረደረው ሴራሚክ ሲራገፍ ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ባለሱቆቹ ከሒሳቡ ይቀንሱበትና በሚቀጥለው ሌላ መኪና ይጠራሉ። ያተረፈውን ነዳጅ ውሃ በላው።

ቫኗን የገዛችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ዓይኗ ሲደክም ጥሪቷን አወጣችና «አንተ ንዳ፣ አብረን እንበላለን» አለችው። ገቢው እየመነመነ ሲሄድ ምን ነካው ብትለው «መካኒኩ ነው እትዬ፤ ዛሬ ሠራሁ ያለው ነገ ይበላሻል» ይላታል።

መካኒኩ አብሮ አደጉ ነው። ጨምር በባሌስትራውና የመኪናዋ አጽም በሆነው ሻሲ መሃል የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ወሽቆ እንደሚነዳ የደረሰበትም እሱ ነው። ጭነት ሲበዛ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ እንዳይልና ትራፊክ እንዳይነቃበት ነበር ዘዴው። ባሌስትራው መተጣጠፊያ ሲያጣ ክብደቱ ሁሉ ሻሲው ላይ አረፈና ሰነጠቀው።

ሻሲው ተበይዶ ጨምር መኪናዋን ሊያወጣ ሲል እህትየው መጣች፤ ቀሚሷ ላይ የክር ብጥስጣሽ እንደተጣበቀ።

«አንተ ሌባ!» አለችው መካኒኩን፣ ገና ከበር። «ዓይኔን አጥፍቼ ያመጣሁትን ነው የምትበላው! ወንድሜ የዋህ ነው ብለህ ነው አይደል? ወንድሜ እንደሆነ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጨምርን አየው። ትንፍሽ አላለም። ጓደኛዬን አላሳጣም ብሎ ነው፤ እኔ ብሆን አፈርጠው ነበር። ጨምር መሬት መሬቱን ያያል። ጆሮው ሳይቀር በኀፍረት በርበሬ መስሏል፣ አፉ ግን አልከፈት አለው። እሷ «ልጆችህን በሰው ላብ ታሳድጋለህ!» ስትል ነው ያልቻለው።

«እትዬ፣ ተይው። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

መካኒኩ አውጥቶ የጣለውን የጎማ ቁራጭ ጨምር ከመሬት አንስቶ አሳያት። ሁሉንም ነገራት፤ ጭነቱንም፣ ውሸቱንም።

ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ የጎማውን ቁራጭ ተቀብላ አገላበጠችው። «መኪናውስ ብረት ነው፤ ይሰበራል፣ ይበየዳል» አለችው። «እኔ ግን የሰው ስም ሳጠፋ ቆመህ ታየኛለህ? ይህን ሁሉ ስሳደብ?»

 እሷ ወደ መካኒኩ ዞረችና «ይቅር በለኝ ልጄ» ብላ ጎንበስ አለች። መካኒኩ «ኧረ እትዬ፣ በሞቴ! ኧረ ይተዉ!» እያለ ሊያነሳት ሲጣደፍ ጨምር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ቀድሞ የተነፋ ጎማ እንደገና መንፋት ጀመርኩ።

ጨምር የመኪናዋን ቁልፍ ትቀማኛለች ብሎ ዘርግቶላት ነበር። አልነካችውም። በእግሯ ወጣች። እሱ ባዶዋን ቫን አስነስቶ ተከተላት። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ ያንባርቅበታል፤ እሱ በእሷ እርምጃ ልክ ይነዳል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አጠገቧ ደርሷል፣ ግን «ግቢ እትዬ» የሚልበት ፊት ከየት ይምጣ? እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው። እሷ አንድ ጊዜም ዞራ አላየችው።