ሙታይጋ ላይ ያልተለቀሰ ለቅሶ

ባለፈው ሐሙስ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ፣ ሊሙሩ መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ እንደ ቆምኩ፣ በተከፈተው መስኮት የተከረከመ አጥር ሽታ ገባብኝ። ኬንያውያን ካያባ የሚሉት፣ እሾሁ እንደ ወስፌ የረዘመ፣ ቢጫ ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ በፀሐይ የሚፈላ አጥር ነው፤ አባቴ የእንስሳት ሐኪም ቢሆንም ስለ ዕፅዋትም አውቃለሁ ባይ ነበርና «የኛ ኮሽም የሥጋ ዘመድ ነው» እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስተዋውቀው ነበር። ሽታው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ የኮመጠጠ ፍራፍሬ ነው። መንገዱ መከፈቱን ያወቅኩት ከኋላዬ ያለው ማታቱ፣ ሚኒባስ ታክሲ መሆኑ ነው፣ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ነው፤ እኔ በዚያች ደቂቃ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ሙታይጋ ነበርኩ፣ አፌንም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ነበር።

ሙታይጋ ከቅኝ ገዢዎቹ ዘመን ጀምሮ ባለጠጎች የሚኖሩበት የናይሮቢ ሰፈር ነው። በአንድ ወገኑ የካሩራ ደን፣ በሌላው ወገኑ ሲቲ ፓርክ ስላለ፣ ከመሐል ከተማው ሳይርቅ ጠዋት ጠዋት የሚሰማበት የወፍ ድምፅና የአትክልተኛ መቀስ ብቻ ነበር። ቤቱን ለአባዬ የሰጠው ይሠራበት የነበረው ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ ግን የገዛነው ያህል ተንቀባረርንበት። ግድግዳው ግራጫ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ ወለሉ በየሳምንቱ ሰም እየተቀባ የሚወለወል እንጨት ነበር፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በካልሲ እየተንሸራተትኩ ስንት ጊዜ ግንባሬን እንደ ተፈነከትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልክ ሁለት ነበረን፣ አንዱ ኮሪደሩ ላይ፣ አንዱ ወላጆቼ መኝታ ቤት። በምግብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ የድሮዎቹ ጌቶች አሽከር የሚጠሩበት ደወል ነበረበት፤ እኔ ስደውለው የምትመጣው እማዬ ነበረች፣ ያውም ኩርኩም ይዛ።

እማዬ ሰፈሩን አልወደደችውም። በሙታይጋ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ዘበኛና የቤት ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አበሾች ኢስትሊና ሃርሊንግሃም ተጠጋግተው ሲኖሩ፣ እሷ ሰው ለማግኘት ሁለት ማታቱ መቀያየር ነበረባት። «እዚህ ሰፈር ሰው ቢሞት መጀመሪያ የሚሰማው ውሻው ነው» ትል ነበር። የደሴ ልጅ ናት፣ ሙሾ አውራጅ ናት። ናይሮቢ ውስጥ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር መኪና የሚላክላት እሷ ነበረች፤ በዓይኗ ያላየችውን ሟች በሁለት ስንኝ አንሥታ ሴቱን ወንዱን አስለቅሳ፣ ድምፅዋ ሰልሎ ስትመለስ፣ እንግዳ ነገር ነው፣ ቀለል ብሏት ነበር የምትመለሰው። እንዲህ ባለው ቀን ራት ላይ ብዙ ታወራ ነበር።

አባዬ በበኩሉ የሚፈራው የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ያወጣውን ደንብ ነበር። ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፎታል፤ ድንኳን መትከል ክልክል፣ በማለዳ ድምፅ ማሰማት ክልክል፣ ሰው መሰብሰብ ቢያስፈልግ ለጎረቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ። የቤቱ ውል በየሁለት ዓመቱ ስለሚታደስ፣ አባዬ ያን ወረቀት ከጸሎት መጽሐፉ አብልጦ ያነበው ነበር። ለበዓል ዶሮ ስናርድ እንኳ «አፏን ያዙልኝ» ይል ነበር፣ ከልቡ።

የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ መስፍን ይባላል። እናታቸው ስትሞት እሱ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስሙን ስትጠራ ወንድሜ ከማለት ልጄ ማለት ይቀናት ነበር። ያን ዓመት ለገና እኛ ዘንድ ሊመጣ ቲኬት ቆርጧል። እማዬ በአትክልቱ በኩል ያለችውን ትንሽ ክፍል ለእሱ ታዘጋጅ ጀመር፤ መጋረጃ አጠበች፣ ቁም ሣጥን አስጠገነች፣ የአልጋ ልብስ ሁለት ዓይነት ገዝታ ደግሞ የቱን እንደምታነጥፍ ቸገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቤት የራሷ የሆነ መሰላት።

ገና ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። እማዬ አትክልቱ ውስጥ ነበረች። አባዬ ኮሪደሩ ላይ አነሣው፤ እኔም ያ ባለ ሁለት ስልክ ቤት ያስለመደኝ ክፉ አመል አለና፣ መኝታ ቤት ያለውን እጀታ ቀስ ብዬ አነሣሁ። የአባዬ ታላቅ ወንድም ነበር፣ ከአዲስ አበባ። ጋሼ መስፍን እሑድ ታሞ ሰኞ ማረፉን፣ ማክሰኞ መቀበሩን ነገረውና፣ እማዬ በወጉ እንድትረዳ አደራ አለው። አባዬ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ነበር የሚለው። እጀታውን መልሼ ዘወር ስል በሩ ላይ ቆሟል። አልተቆጣኝም። «ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ፤ እስከዚያ ሆድሽ ይፍጀው» አለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ባልም ብቻውን ለሚስቱ አይነግርም፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ክንድ ባለበት ነው የሚረዳ። ሰዉ ደግሞ ሥራ አለበትና ከቅዳሜ በፊት አይሰበሰብም።

በማግስቱ ነገሩ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ሆነ፣ ከእማዬ በስተቀር። የምግብ ቤት ባለቤቱ አቶ ወርቁ፣ የናይሮቢ አበሾች እንደ ዕድር ዳኛ የሚያዩዋቸው ሽማግሌ፣ ለሁሉም አስታወቁ። ሴቶቹ ጭንቀታቸውን ችለው ዝም ማለት አቅቷቸው ለእማዬ እየደወሉ ስለ ከሰልና ስለ ሽንኩርት ያወሯታል፤ እሷም ስልኩን ዘግታ «ዛሬ ሰዉ ምን ነክቶታል፣ ሁሉም ናፈቅሽኝ ይለኛል» ትላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱን የአልጋ ልብስ ዘርግታ ጠበቀችኝ። «የቱን የሚወድ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ሰማያዊውን» አልኩ። ሰማያዊውን አነጠፈችው፤ ጠርዙን በመዳፏ አስተካክላ፣ ትራሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች አንዲት ቃል የከበደኝ ውሸት ግን የለም።

ዓርብ ሲቲ ፓርክ ይዛኝ ሄደች። ወንድሟን የምታስጎበኝበትን መንገድ አስቀድማ ልታየው ፈልጋ ነው። በሩ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ንጁጉ፣ ለውዝ ማለት ነው፣ ገዛችልኝና ወደ ውስጥ ዘለቅን። ዘንቦ ስለነበር ሰው አልነበረም፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ውሃ ይንጠባጠባል፣ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፣ የከተማው ድምፅ ከሩቅ ነው የሚሰማው። አንድ ዛፍ ሥር ነጠላዋን አነጠፈችና ተቀመጥን። ስለ ጋሼ ልጅነት ታወራልኝ ጀመር፤ ጦጣ ባየ ቁጥር ቀሚሷ ውስጥ ይገባ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ትልቅ ሰው ሆኗልና እንዴት እንደሚሆን ለማየት እንደ ጓጓች። ልነግራት ቆረጥኩ። «እማዬ» አልኳት። «ወዬ» ብላ ዞረች፣ ፈገግ ብላ። በዚያች ቅጽበት ጦጣ ከላይ ወርዳ ለውዙን ከነጥቅሉ ከእጄ መነተፈችኝ። እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዓይኗን ጠራርጋ «ምን ልትይኝ ነበር?» ስትለኝ «ረሳሁት» አልኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ ግማሹ በኪራይ ማታቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ በዚያ በተከረከመ ሣር ላይ ተሰለፉ። እማዬ በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ወጣች። አቶ ወርቁ «እንደምን አደርሽ» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እሷ ነጠላዎቹን አየች። የሌላ ሰው ደጅ እንዲህ ሆና ስንት ጊዜ ቆማለች። «ከነማን ነው?» አለች። ሴቶቹ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «መስፍን ነው?» አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

ጩኸቷ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት፤ ደረቷን መታች፣ ከዚያም እንደ ልማዷ ሙሾው መጣላት፣ «አልጋህን አንጥፌ ስጠብቅህ ሳለ» ብላ አወረደች። ሁለተኛው ስንኝ ሊከተል ነው፤ ሴቶቹም ሊቀበሏት አፋቸውን ከፍተዋል። ለካስ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው አሮጊት እንግሊዛዊት፣ ደግ ሴት ናት፣ ሌባ የገባብን መስሏት የሰፈሩን ጥበቃዎች መጥሪያ ደወል ተጭናው ኖሯል። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ የብረት ቆብ የደፉ ስድስት ሰዎች ዱላና ውሻ ይዘው ከመኪና ዘለው ወረዱ።

አባዬ በፒጃማው ሮጦ ወጣ። አለቃቸው ሰዉን ሁሉ ቆጥሮ ሲያበቃ፣ በስዋሂሊ፣ «ሬሳው የት አለ?» አለ።

«አዲስ አበባ ነው፤ ተቀብሯል» አለ አባዬ።

«ታዲያ እዚህ ምን ያስለቅሳችኋል?»

ሰውዬው ሊያሾፍ አይደለም፣ የእውነት ጠይቆ ነው። አባዬ እንደ ምንም ሲያስረዳው ቆቡን አወለቀና ወደ እማዬ ዞሮ «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ግን ለአባዬ ጎረቤቶች ስለ ደወሉ ድምፁ መቀነስ እንዳለበት፣ አለዚያ ለማኅበሩ ሪፖርት እንደሚጽፍ ነገረው። አባዬም ተመልሶ በለቅሶተኛው ፊት ቆመ፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። «እባካችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አልቅሱ» አለ።

እማዬ አየችው። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም። ሌሎቹም ደግፈው ወደ ቤት አስገቧትና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ፤ ሳሎናችን ውስጥ ሃያ ሰው በሹክሹክታ አለቀሰ። አቶ ወርቁ «ኢስትሊ እኔ ቤት እንሂድ፣ እዚያ ማንም አይከለክለንም» ብለው ለመኗት። «ቤት እያለኝ በሰው ቤት አላለቅስም» አለች። በቤቷም አላለቀሰችም። ሁለተኛው ስንኝ ያኔም አልመጣ፣ ከዚያም በኋላ አልመጣ።

የትንሿን ክፍል በር ቆለፈችው። ለቅሶ ሲሰማ መሄዷን አልተወችም፤ ግን ከሴቶቹ መሐል ዝም ብላ ተቀምጣ ትመለሳለች። እየቆየ መኪና መላኩ ቀረ። የሚገርመው፣ አባዬ ያን ሁሉ ፈርቶ የጠበቀው ቤት በዓመቱ ከእጃችን ወጣ፤ በጩኸት አይደለም፣ የሥራ መደቡ ስለ ታጠፈ ብቻ ነው። ፓርክላንድስ ከሱቅ በላይ ባለ ጠባብ አፓርታማ ገባን፤ እዚያ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ አንድ ሰው አልቅሶ ቢውል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አባዬን ብዙ ዓመት አኩርፌዋለሁ። አሁን እኔም ልጆች አሳድጌ፣ በሰው ሀገር ያገኘሁትን ቤት እንዳላጣ ስሰጋ ኖሬ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ይገባኛል እንጂ ይቅር ያልኩት አይመስለኝም። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ እማዬ እኔ ዘንድ፣ ላቪንግተን፣ ሦስቱን ቀን ዓይኗ ሳይረጥብ ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ልቧ ደንድኗል» ሲሉ ሰማሁና እኔ በእሷ ፈንታ አፈርኩ።

ያን ሐሙስ መድኃኒቱን ይዤ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ነገርኳት፤ ስልኩን ማዳመጤን፣ ሦስቱን ቀን ማወቄን።

«ፓርክ ይዤሽ ስሄድም ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ዛፉ ሥር ስንቀመጥም?»

«አዎ።»

እጄን ያዘችው፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ምነው ያኔ በነገርሽኝ ልጄ» አለች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «እዚያ ማንም አልነበረም እኮ፣ እንደ ልቤ አለቅስ ነበር።»

እስካሁን ጥፋቱን ለአባዬ፣ ለአሮጊቷ፣ ለደንቡ ሳከፋፍል ኖሬያለሁ፤ ለእኔ ድርሻ አላስቀረሁም ነበር። ተነሥቼ የመኪና ቁልፌን አነሣሁና አሁኑኑ እንሂድ አልኳት፤ ሲቲ ፓርክ ሩቅ አይደለም፣ ዛፎቹም እንዳሉ ናቸው፣ እኔም እቀበልሻለሁ። ጉሮሮዋን ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «አሁንማ ድምፁን ከየት አመጣዋለሁ» አለችና፣ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላ ጠየቀችኝ።