ከአርብ ገበያ ያመጣሁት ክር

ከንፋስ መውጫ ተነሥተን ወደ ታች ጋይንት እንድንወርድ ትእዛዝ የደረሰን ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በማግሥቱ ማምሻ ከአርብ ገበያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ ኮረብታ ያዝን። ሦስት ሳምንት ምሽግ ቆፈርን፤ ጠላትን ጠበቅን። ጧት ጉም ከገደሉ ይወጣል። እስከ አራት ሰዓት የሚታየው የራስ ምሽግ ብቻ ነው።

እኔ ለመቶዋ ጦር አዲስ ነበርሁ። ሰው ከአገሩ ልጅ ጋር ተጣምሮ ይቆፍር ነበር፤ ከእስቴ የመጣሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ወሬም አላበዛም። ቀድሞ ያናገረኝ አስር አለቃ ተፈራ ነው። ኡኩሌሌ የሚባል፣ አራት ክር ያለው ትንሽ ጊታር ነበረው። መቶዋ «የጊታር ግልገል» ትለው ነበር።

«ክራር ትመታለህ አሉ።»

«በራሴ ነው የተማርሁት። ደኅና አይደለሁም።»

«እንግዲያ ያዛት። አትናከስም።»

ያስተማረኝ አንድ የእጅ ቅርጽ ነው። ጠቋሚ ጣት አራቱንም ክር አግድም ይጫናል። የመሃል ጣት አንድ ቤት ቀድሞ ሦስተኛውን ክር፣ የቀለበት ጣት ሁለት ቤት ቀድሞ አራተኛውን ይይዛል። ቤት የምንለው በአንገቱ ላይ በተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ያለውን ቦታ ነው። ቅርጹን ሳያፈርሱ እጁን አንገቱ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መውሰድ ይቻላል። ዜማውም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል።

ሲነግረኝ ገባኝ። እጄ ግን የክራር እጅ ነበር። ክራር መቺ የዘፋኙን ድምፅ ተከትሎ ክሩን ያጠብቃል፣ ያላላል። የሚዘፍንልን ሃምሳ አለቃ ጌጡ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እጄ ወደ መቃኛው ይሮጣል።

«መቃኛውን ተው!» ይለኛል ተፈራ። «ድምፁ ሲወጣ እጅህ ይውጣ፤ ሲወርድ ይውረድ። ጠቋሚህ እኮ ነው የሚቃኝልህ።»

አንድ ረቡዕ ሃምሳ አለቃው ከወትሮው ከፍ አድርጎ ጀመረ። መቃኛውን አጠበቅሁ። ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

«ይኸው!» አለ ሃምሳ አለቃው። «የእስቴ ሰው ግልገሏን አረዳት!»

ሁሉም ሳቀ። ተፈራ አልሳቀም፤ አልተቆጣኝምም። ብጣሹን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። መለዋወጫ አልነበረውም።

በየአርቡ ሦስት ሰው ስንቅ ለማምጣት ገበያ ይወርዳል። የዚያ አርብ ተራ የተፈራ ነበር።

«እኔ ልሂድ» አልሁት። «የበጠስሁት እኔ ነኝ። ለክራር የሚሆን የበግ አንጀት መምረጥም አውቃለሁ።»

«ቀጭኑን አምጣ እንግዲህ» አለኝ። «በቦታህ እኔ እቆማለሁ።»

ቦታዬ የግራው ጫፍ ምሽግ፣ ከመትረየሱ አጠገብ ነበር።

አርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ሦስት ሰዓት ላይ ገበያ ደረስን። ክሩን ከአንድ ክራር ሠሪ ላይ መርጬ አስጠቀለልሁ። ያን ዕለት ጉሙ አልገለጠም። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስንቁን ጭነን መመለስ ስንጀምር፣ ከኮረብታው በኩል ተኩስ ሰማን። ሮጥን።

የሆነውን የነገሩኝ የተረፉት ናቸው። ጠላቶች በጉሙ ተሸፍነው በግራ በኩል መጡ። እስከ ሃያ እርምጃ ማንም አላያቸውም። መትረየሱ ተኮሰ። ቆመ። እንደገና ተኮሰ። ስምንት ሰዓት ላይ አፈገፈጉ። ኮረብታውን አልለቀቅንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስሁ። ሰባት ሰው ወድቋል። ተፈራ እኔ በቆፈርሁት ምሽግ ውስጥ ነበር። ሳይመሽ ቀበርናቸው። ሃምሳ አለቃው የጥበቃውን ዝርዝር አውጥቶ ከግራው ጫፍ ፊት ለፊት የተጻፈውን ስሜን ሰረዘ። የተፈራን ጻፈበት። ቢሰድበኝ በወደድሁ።

ሁለት ቀን የፈረሰውን ምሽግ ብቻዬን ጠገንሁ። እሑድ ከቀትር በኋላ ሃምሳ አለቃው ወደ ምሽጌ መጣ። ግልገሏን በስንቅ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል።

«ክሩን አመጣህ?»

«አመጣሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

አሰርሁት፤ ቃኘሁት። ሃምሳ አለቃው ከአፈሩ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ለሰባቱም በየስማቸው አንዳንድ ስንኝ ማውረድ ጀመረ። ድምፁ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ቀኝ እጄ ወደ መቃኛው ሄደ። መለስሁት። በግራ እጄ ቅርጹን ይዤ ወደ መጀመሪያው ቤት ወረድሁና የድምፁን ልክ አገኘሁት።

ተፈራን መጨረሻ አደረገው። እሱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወጣ። እጄም ቅርጹን ሳያፈርስ ሁለት ቤት ተከተለው። አዲሱ ክር ሳይበጠስ ጸና።

መቃኛውን ተው የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። አልነካሁትም።