ዘፈኑ የጠፋው የሰርጌ ሲዲ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኬ ጮኸ... እናቴ ናት፣ ከሞጣ።

«ዴኩ ተበላሽቷል። ዘፈኑ ጠፍቶ የሰው ጫጫታ ብቻ ነው የሚያሰማኝ። ነይና አስተካክይው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሳስተምርና ፈተና ሳርም ከርሜ ልተኛበት ያሰብኩት ቀን ነበር። ግን ምን ይደረግ? ቢቸና ውስጥ ፊዚክስ ስለማስተምር ቤተሰባችን ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ የኔ ነው። ካውያ እንኳ አልግል ሲል የሚደወለው ለኔ ነው።

ሲዲው የሰርጌ ሲዲ ነው። እኔና ባለቤቴ ከረሳነው ቆይተናል፤ እናቴ ግን ቤቷ እንግዳ በገባ ቁጥር ትከፍተዋለች። እኔን ለማየት እንዳይመስላችሁ! አንዲት ቦታ አለች... ዳሱ ውስጥ እንግዳው እየበላ፣ እናቴ ሽር ጉድ እያለች፣ ታናሽ እህቷ አክስቴ የሺ ድንገት ነጠላዋን አጣፍታ ሰርጉን ጥላ የወጣችበት። እዚያ ላይ ስትደርስ ታቆመዋለች።

«ፍረዱኝ እስቲ! በልጄ ሰርግ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። አክስቴ ምክንያቱን ስንጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» ከማለት በቀር ምንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ደግሞ በሚመጣው እሁድ ልጇን ልትድር ነው። ሽማግሌም ላከች፣ እኔንም ላከች። እናቴ ግን «ደጇን አልረግጥም» ብላለች።

እኔ በመሃል መመላለሱ ሰልችቶኛል፣ እውነቴን ነው። ሚኒባሱ በአክስቴ ከተማ በግንደወይን ሲያልፍ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። ብወርድ እናቴ ታኮርፋለች፣ ባልወርድ አክስቴ።

ሞጣ ደረስኩ። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ሪሞቱ እጄ ላይ ተቀመጠ። ከተገዛ ጀምሮ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው፤ ጽሑፉ በግድ ነው የሚታየው። ገመዶቹን ነቀልኩ፣ ቀዩን ከቀዩ፣ ነጩን ከነጩ ሰካሁ። ምንም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ኦዲዮ አውትፑት የሚለውን ከላይ እስከ ታች ነካካሁት። ምንም... ጫጫታ ብቻ።

«እማዬ፣ ከየት ጀምሮ ነው ዘፈኑ የጠፋው?»

«ከመጀመሪያው ነዋ! ዘፈን የሌለው ሰርግ ልቅሶ ይመስላል ብዬ ወዲያው አጠፋሁት።»

በመጨረሻ የስክሪኑ ጥግ ላይ «ሌፍት» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ያኔ ገባኝ። ቪዲዮውን ያቀናበረው ሰው ዘፈኑን በቀኝ ስፒከር፣ ካሜራው የቀዳውን የሰዉን ድምፅ ደግሞ በግራ አድርጎት ኖሯል። ሁለቱም አብረው ሲከፈቱ ዘፈኑ ወሬውን ይውጠዋል። እናቴ ሪሞቱን ስትወለውል የኦዲዮውን ቁልፍ ተጭናዋለች፤ ግራው ብቻ ቀርቷል።

«አገኘሁት! አንድ ቁልፍ ነው» ብዬ ልጫን ስል...

«ቆይ፣ እዚያች ቦታ ላይ አድርጊውና ሞክሪው። እዚያ ያለውን ዘፈን በደንብ አውቀዋለሁ።»

መቼም ስንቴ አይታዋለች! ወደዚያው አሳለፍኩት። ቁልፉን ሳልጫን ግን የራሷ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይሄን የየሺን ወጥ ወደ ጓዳ መልሱት! ጨው ብቻ ነው፣ ሰው ፊት አይቀርብም።»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ከኋላዋ አክስቴ ድስቷን ይዛ ቆማለች። ያን ወጥ ከግንደወይን ድረስ ተሸክማ ነው ያመጣችው። ድስቱን አስቀመጠች... ነጠላዋን አጣፋች... ወጣች።

እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

«መልሺው» አለችኝ።

«ወደ ዘፈኑ?»

«ወደ ኋላ።»

ደግመን ሰማነው። ያው ነው። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «እኔ ነኝ? ኧረ አፌን በቆረጠው! ኋላዬ መቆሟንም አላየሁ... ይሄን ማለቴንም አላስታውስ...»

ከዚያ «አጥፊው» ብላኝ ተነሳች። እራት ስንበላም ስለ ዴኩ አላነሳችም።

እሁድ ስነሳ ቅዳሴ የሄደች መስሎኝ ነበር። ማድ ቤት ወጥ ስትሠራ አገኘኋት። ጨው ቆንጠር ታደርግና ትቀምሳለች፣ ደግሞ ልትጨምር ትልና ትፈራለች።

«ስትመለሺ ግንደወይን ውረጂና ለአክስትሽ አድርሺልኝ።»

«ምን ልበላት?»

«ሲዲውን ሰማችው በያት። ወጡን ጓዳ ከወረወረችውም ዝም ብለሽ ሂጂ። ይገባኛል።»

ይኸውላችሁ፣ ፊዚክስ ተምሬ ትኩስ ድስት ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር ዘይቱ ቀሚሴ ላይ ጠብ ይላል። ረዳቱ ደግሞ «እህት፣ በወጡ ሽታ ብቻ ገደልሽን እኮ፣ አትከፍችውም?» ይለኛል። ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

አክስቴ በሩን ከፈተች። ድስቱን አየችው፤ የእናቴ መሆኑን ታውቃለች። የተባልኩትን ነገርኳት። ክዳኑን አነሳች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም።

«ጨው አንሶታል በያት» አለች።

በቃ፣ አለቀ ብዬ ልመለስ ስል...

«የፊታችን እሁድ ለሰርጉ ትምጣና ራሷ ታስተካክለው።»

ዴኩን ግራና ቀኙን አብሮ ወደሚያሰማው ስቴሪዮ ሳልመልሰው መምጣቴ ትዝ ያለኝ ቢቸና ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው... እናቴ ግን እስከ ዛሬ ዘፈኑ ጠፋ ብላ አልደወለችም።