ፓፓን የሳለችው ጭልፊት

መነኩሴው በቀብሯ ላይ "ፓፓን ትሑት ሴት ነበረች" አለ። ውሸቱን ነው! ቁጡ ነበረች፤ ደግ አደረገች።

ስፔናውያን አገራችንን በያዙበት ዘመን ሠዓሊ ባሏ በፈንጣጣ ሲሞት ብሩሹን እሷ አነሳችው። የሰፈራችንን ሰው በልጥ ወረቀት ላይ የመዘገበችው እሷ ናት። የሰውየውን ራስ ትስላለች፣ ከራሱ ቀጭን መስመር ትስባለች፣ በመስመሩ ጫፍ ስሙን ታንጠለጥላለች። ኪያው ማለት ዝናብ ነውና ለኪያው ሦስት ጠብታ። የሞተ እንደሆነ ዓይኑን ትከድነዋለች። ይህን በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያነበዋል።

ኪያውም በዚያው በሽታ ሞተ። ለሚስቱ ለሾኮና ለሦስት ልጆቿ የቀራቸው ወንዙ ዳር ያለው የበቆሎ ማሳ ብቻ ነበር። እሱንም ሹማችን ዶን ባልታሳር ተመኘው። ከመጠመቁ በፊት ስሙ ኩይሽትሊ ነበር፣ ጭልፊት ማለት ነው፤ ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ለስፔናዊው ዳኛ የሚቀርብ ሥዕል ፈልጎ ፓፓን ቤት መጣ።

"ከማሳው ላይ ዝናቡን አጥፊና የኔን ጭልፊት አድርጊ።"

"ልጆቹስ ምን ይብሉ?"

"እሱ አያገባሽም። እጅሽን ትወጂዋለሽ አይደል?"

"እሺ ጌታዬ፣ እስላለሁ" አለች።

እኛን ሽማግሌዎቹን ደግሞ ዶን ባልታሳር ለምስክርነት ጠራን። ዝም ልንልለት ተስማማን። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፓፓን ሥዕሉን ጠቅልላ ያስረከበችው ችሎቱ በር ላይ ነው። ዳኛው ፊት ተዘረጋ። ማሳው አለ፣ ወንዙ አለ፣ የዶን ባልታሳር ራስ ከነጭልፊቱ አለ። ዓይኑ ተከድኗል።

"ምን ይላል?" ሲል ዳኛው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። "ባለማሳው ኩይሽትሊ ሞቷል ይላል፣ ጌታዬ።"

"ይኸው ቆሜ የለም እንዴ!" ብሎ ጮኸ ዶን ባልታሳር። "ወረቀቱ ሐሰት ነው!"

"ያቀረብከው አንተ ነህ" አለ ዳኛው። ፓፓን ለኪያው የሳለችው የቀድሞው የማሳው ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ሳጥን ወጣ፤ ሦስቱ ጠብታዎች እንዳሉ ነበሩ። ማሳው ለሾኮ ጸና።

በሳምንቱ የዶን ባልታሳር ሰዎች የፓፓንን የቀኝ እጅ ጣቶች ሰባበሩ። ማንም አልጠየቃቸውም። እኛም አልጠየቅንም፣ አፈር ያስበላንና!

ከሦስት ዓመት በኋላ ዶን ባልታሳር በእውነት ሞተ። ልጆቹ ሌላ ሠዓሊ አጥተው በሯ ላይ ቆሙ።

"እትዬ ፓፓን፣ በግራ እጅሽም ቢሆን አባታችንን ከሟቾቹ ጋር ሳዪልን።"

የተጣመሙትን ጣቶች አሳየቻቸው።

"እኔ እንኳ ዓይኑን ያኔ ከድኜዋለሁ" አለችና በሩን ዘጋችባቸው።